የት ጋ ነው የሚሰበረው?

የምነግራችሁ ነገር ከአናቱ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። ውሸት ካለበት ይድፋኝ። ሰዎች ይህን ታሪክ ስጀምር ገና ፈገግ ይሉና «አንተ ደግሞ ጀመረህ» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። በልጅነቴ ቅጽል ስሜ ቀደዳ ነበር፤ እናቴ እንኳ ሰው ፊት ስትጠራኝ አንዳንዴ ያመልጣት ነበር። ግን ቀደዳም እውነት የሚናገርበት ቀን አለው። ከፈተና ወረቀት የተሠራ ድልድይ አንድ ባልዲ ሙሉ አሸዋ፣ በአሸዋው ላይ ድንጋይ፣ በድንጋዩ ላይ የዳይሬክተራችንን ሁለት እጆች ሲሸከም በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ሰልፍ ላይ ነው። ዳይሬክተሩን ነጎድጓድ ነበር የምንለው። ድምፁ ማይክራፎን አይፈልግም፤ እንዲያውም ማይክራፎኑ ነው እሱን የሚፈራው። አንድ ጠዋት ደረጃው ላይ ቆመና «ከዛሬ ጀምሮ ትምህርት ቤታችን ሳይንስና ምህንድስና ላይ ያተኩራል!» ሲል የቢሮው መስኮት ተንቀጠቀጠ። አጨበጨብን። ለምን እንደምናጨበጭብ የሚያውቅ አልነበረም፤ ነጎድጓድ ዝም ካለ የሚጨበጨብበት ሰዓት ደርሷል ማለት ነው።

እኔ ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። የአንደኛ ክፍል ልጆች ምህንድስና ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ አላሳፈርኳቸውም። ግቢው ጥግ የቆመው የውሃ ታንከር በእርግጥ ሮኬት መሆኑን፣ የሚጠበቀው ነዳጅ ብቻ መሆኑን፣ ሲነሳ አጠገቡ የተገኘ ልጅ አብሮ እንደሚሄድ አስረዳኋቸው። ከዚያ ወዲያ ቧንቧው ጋ ዝር የሚል ትንሽ ልጅ ጠፋ። ነጎድጓድ አስጠርቶኝ ጆሮዬን እየጠመዘዘ «ማነው ይህን ያስተማረህ?» አለኝ።

«ሳይንስ» አልኩት።

ሮኬት አልመጣም። የመጣው ቀለም ቀቢ ነው። የበሩ ሰሌዳ ላይ አዲሱን ስም ሲጽፍ ቦታው አልበቃው አለና የ«ምህንድስና» የመጨረሻዋ ፊደል ከሰሌዳው ወጥታ አጥሩ ላይ አረፈች። ከሰሌዳው ቀጥሎ ደግሞ ተራው የልብስ ስፌት ክፍሉ ሆነ።

ያ ክፍል የመርፌ ነበር። መርፌ የእጅ ሥራ መምህራችን ናት። ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ስትናገር ወጋ የምታደርግ። በፊቷ «ቲቸር» እና «እርስዎ» ነው፤ ዞር ስትል መርፌ። አንገቷ ላይ በጥቁር ጥብጣብ የታሰረ የማግኔት ቁራጭ ይንጠለጠል ነበር። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ጎንበስ ብላ ማግኔቱን ወለሉ ላይ ስታንሳፍፈው፣ ጠረጴዛ ሥር የወደቁት መርፌዎች ሁሉ እየዘለሉ ይለጠፉበታል። ከስፌት ትምህርት ለእኔ የሚጥመኝ እሱ ብቻ ነበር።

ክፍሉ ሊወሰድባት መሆኑን የሰማሁት አጎቴ ሱቅ ነው። አጎቴ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። እናቴ ምሳውን ይዛለት መጥታ፣ በሩ ላይ ቆማ ወሬዋን ታራግፋለች።

«ክፍሏን ሊነጥቋት ነው አሉ።»

«የማንን?»

«የመምህርቷን ነዋ፣ የስፌቷን። የምህንድስና ክፍል ሊያደርጉት ነው። ሌላ መምህር ያመጡና እሷን ወዲያ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት።»

አጎቴ የተነፋ ካላማዳሪ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ እየጨፈለቀ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልግ ነበር። ዓይኑን ከውሃው ሳያነሳ «እኔ እሷን ብሆን» አለ፣ «ሳልሰባብርላቸው ንቅንቅ አልልም።»

«አንተ ደግሞ! ልጁ ይሰማል እኮ።»

«ይስማ። ምን አልኩ?»

ሰማሁ። እንዲያውም ከእሱ ሌላ ምንም የሰማሁ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ ከዚያች ንግግር ጋር እየሰፋሁ ነው ያየሁት።

ሌላው መምህር እስኪመጣ ምህንድስናውን ራሷ መርፌ ታስተምረን ጀመር። አንድ ቀን የድሮ የፈተና ወረቀት በጆንያ አስይዛ ገባችና በየጠረጴዛው ዘረገፈችው። ወረቀቱን በሹራብ መሥሪያ ዘንግ ላይ ጠበቅ አድርገን እየጠቀለልን፣ ጫፉን በኮላ እያጣበቅን፣ ዘንጉን መዘዝ። የሚቀረው ውስጡ ባዶ የሆነ የወረቀት ቱቦ ነው። በቱቦዎቹ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው የሚሻገር ድልድይ መሥራት ነበረብን፤ ከሥሩ ባልዲ ይንጠለጠልበታል፣ ባልዲው ውስጥ አሸዋ ይጨመራል።

አጠገቤ የምትቀመጠው ቀጭኔ ነበረች። ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ረጅሟም፣ አንደኛ የምትወጣውም እሷ ናት። ከእኔ ጋር ያስቀመጧት ጉብዝና ይጋባ እንደሆነ ብለው ይመስለኛል። አልተጋባም። ከወረቀቶቹ መሃል የሒሳብ ፈተናዬ ሲወጣ ቀድማ ያየችውም እሷ ናት።

«ዜሮህን ወደ ውስጥ አድርገህ ጠቅልለው፣ ሰው ያየዋል» አለችኝ።

«ይታይ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክም ሊችል ነው።»

ድልድያችን አማረ። ወደ ግራው ጫፍ ስንደርስ የፈተና ወረቀቱ አለቀብንና ስስ የደብተር ወረቀት ጨመርንበት፤ ከላይ ሲታይ ግን ልዩነት የለውም። መርፌ ዞር ዞር ብላ አየችው። በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞራ «እሺ፣ የት ጋ ነው የሚሰበረው?» ብላ ጠየቀች።

«አይ-ሰበ-ርም!» አልን ክፍሉ በሙሉ፣ በአንድ ድምፅ።

«ሁሉም ነገር ይሰበራል። እኔ የምጠይቀው የቱ ጋ ቀድሞ እንደሚሄድ ነው።»

«አይ-ሰበ-ርም!»

ምን እንበል? እኛ ትምህርት ቤት የተሰበረ ነገር ከተገኘ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ማነው የሰበረው?» ነው፤ ከጥያቄው ቀጥሎ የሚመጣውን ደግሞ ጆሮአችን ያውቀዋል። የተሰበረ መስታወት፣ የተሰበረ ወንበር፣ የተሰበረ ጠመኔ እንኳ አጥፊ አለው። ስለዚህ በየቀኑ ትጠይቃለች፣ በየቀኑ እንደ መዝሙር እንመልስላታለን። እሷ ትተነፍስና ጠመኔዋን ታስቀምጣለች። እኔ ግን የአጎቴን ንግግር ይዤ ነበርና፣ ጥያቄዋ ጥያቄ አልመስል አለኝ። ዛቻ መሰለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪ ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ኳሳችን የስፌት ክፍሉ መስኮት ላይ ካለው ብረት መሃል ተቀርቅራ ቀረች። ላወርዳት ስንጠለጠል ውስጡን አየሁ። መርፌ ብቻዋን ናት። ከፊቷ ድልድይ አለ፤ የእኛ አይደለም፣ ግን የእኛ መንታ ወንድም ሊባል ይችላል። ግራው ጫፍ ላይ ቀይ ክር አስራበታለች። በጣሳ አሸዋ እየቀዳች ባልዲው ውስጥ ታፈሳለች፤ ታፈሳለች፤ ድንገት «ጠጭ!» አለና ድልድዩ ልክ ክሩ ላይ ለሁለት ተገነጠለ። መርፌ፣ ያቺ ቀጥ ያለችው መርፌ፣ እንደ ልጅ ዘላ አጨበጨበች። «በለው!» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ልምምድ ላይ ናት!

በሩ ተከፈተና ነጎድጓድ ገባ። ሊያንሾካሹክ ሞከረ፤ የእሱ ሹክሹክታ የሌላ ሰው ጩኸት ነው።

«እርግጠኛ ነሽ ግን?»

«ይሰበራል።»

«እንግዶቹ ፊት?»

«እንግዶቹ ፊት። መሃሉ ላይ እንዳይመስልዎ፤ የአራተኛ ክፍሎቹ በግራው ጫፍ ነው የሚሄደው። እዚያ ጋ ወረቀቱ ስስ ነው።»

«እኔ ብሆን ጠንከር ያለ ነገር አሠርቼ፣ ጭብጨባዬን ተቀብዬ እገላገል ነበር። ካልተሰበረስ?»

«ካልተሰበረ እቃዬን ሰብስቤ እሄዳለሁ።»

ኳሷን እዚያው ትቼ በረርኩ። ለልጅ ጭንቅላት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገውም፦ ክፍሏን ስለወሰዱባት የእኛን ድልድይ በእንግዳ ፊት ሰብራ ልታዋርደን ነው። ካልተሳካላት ደግሞ ትሄዳለች። እንግዲያው እንዳይሰበር ማድረግ ነው፤ አለቀ።

እዚህ ላይ ታሪኩን ትንሽ ላቁመው። ዛሬ የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ፤ ከትምህርቱ ጋር ሰባተኛ ክፍል ላይ በስምምነት ተለያይተናል። መርፌ ጡረታ ስትወጣ የስፌት መኪናዋን ከነጠረጴዛው የጫንኩላት እኔ ነኝ። ጋቢና ተቀምጣ፣ እቃ መያዣዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ነገሩ ከእሷ በኩል ምን ይመስል እንደነበር ያን ቀን ነገረችኝ። የትምህርት ቢሮው «የስፌት መምህር እንዴት ምህንድስና ታስተምራለች» ብሎ ሌላ ሰው ሊልክ ነበር። እሷ ደግሞ ክፍሉንም ትምህርቱንም ፈልጋዋለች፤ እስከዚያ ድረስ ያን ያህል የፈለገችው ነገር አልነበረም። «ኑና እዩኝ» አለቻቸው። ድልድይ መሥራትማ ማንም ይሠራል፣ እኔ ገና ሳይሰበር የት ጋ እንደሚሰበር አሳያችኋለሁ፣ ልጆቹም ያንን ይማራሉ፣ አለች። ባሰረችው ክር ላይ ከተሰበረ ትቆያለች። ካልተሰበረ ትሄዳለች።

እኔ ይህን አላውቅም። እኔ የማውቀው ጠላት መኖሩን ነው።

በማግሥቱ ቀጭኔን ከቧንቧው ኋላ ወስጄ ሁሉንም ነገርኳት። ትንሽ ጨምሬ ሊሆን ይችላል።

«ተው፣ አትቅደድ» አለችኝ።

«እናቴ ትሙት!»

እናቴን ከጠራሁ እውነቴን እንደሆነ ታውቃለች። ከኪሴ ከአጎቴ ሱቅ የለቀምኳቸውን የብስክሌት ጎማ ሽቦዎች አወጣሁ፤ ከተጣለ ጎማ የተነቀሉ፣ ቀጫጭን፣ ቀጥ ያሉ። የወረቀት ቱቦው ውስጡ ባዶ ነው፤ ሽቦው ደግሞ ለቱቦው የተለካ ይመስላል።

«ሽቦ ከገባበት የወረቀት ድልድይ አይባልም» አለች ቀጭኔ።

«ታዲያ ምን ይባላል?»

«ማጭበርበር።»

«እሷ ብትሰብርብንስ? እሱ ምን ይባላል?»

አሰበች። አንገቷ ረጅም ስለሆነ ስታስብ ከሩቅ ያስታውቃል። «እሺ፣ ግን የምከተው እኔ ነኝ። አንተ ትቀደዋለህ» አለች። ማንም ሳያየን በግራው ጫፍ በኩል ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አስገባናቸው። ሽቦው ግን አጭር ነው፤ ወደ መሃሉ አጋማሽ እንኳ ሳይደርስ አለቀ። ያለቀበትን ቦታ በጣቴ ዳሰስኩት፤ ቱቦው እዚያ ጋ ጠንካራነቱ ቀጥ ብሎ ያበቃል። አይ፣ ይበቃል፣ እሷ ያለችው ግራውን አይደል፣ ብዬ ተውኩት።

የትምህርት ቢሮ እንግዶቹ መጡ። አለቃቸው ክራቫት ያሰረ፣ ጫማው የሚያበራ ሰው ነበር፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስሙ ባለ ክራቫቱ ሆነ። ፊት ለፊት ወንበር ተሰጣቸው። የስፌት መኪናዎቹ ግድግዳ ሥር ተደርድረው በጨርቅ ተሸፍነዋል፤ ክፍሉ የኮላና የእርጥብ አሸዋ ሽታ ይሸታል። መርፌ ቀይ ክሯን ከኪሷ አወጣችና ድልድያችን ግራ ጫፍ ላይ አሰረች። ቀጭኔ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«ይሄ ድልድይ» አለች መርፌ ለእንግዶቹ፣ «ክሩ ጋ ነው የሚሰበረው።»

ማፍሰስ ጀመረች። አሸዋው ባልዲው ውስጥ ሹሽ ይላል። ጣሳ በጣሳ ላይ። ድልድዩ ትንሽ ጎበጥ አለና ጸና። መርፌ ክሩን አየት አደረገች፤ አፈሰሰች። አሁንም አየችው። እጇ ዝግ እያለ ሄደ። አሸዋው ባልዲው አፍ ላይ ደርሶ ወደ ወለሉ መንጠባጠብ ሲጀምር ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። እኔ ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ደስ አለኝ።

«አጨብጭቡ!» አለ ነጎድጓድ።

መዳፋችን እስኪቃጠል አጨበጨብን። ባለ ክራቫቱ ሳይቀር እያጨበጨበ «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው ድልድይ! እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። ነጎድጓድ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ ማለትም ሁላችንም እየሰማን፣ «በቃ፣ ተሳካልሽ። ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አለ።

አልተቀመጠችም።

«ይቅርታ» አለች። «አልተሳካም። ይሄ ድልድይ በግማሹ አሸዋ መሰበር ነበረበት።»

ባለ ክራቫቱ ሳቀ። «ሰው ድልድዬ ጠነከረብኝ ብሎ ያዝናል?»

«ለምን እንደጠነከረ ካላወቀ ያዝናል።»

ይህን ብላ ክሩን ልታይ ጎንበስ አለች። ጎንበስ ስትል አንገቷ ላይ ያለው ማግኔት ወደፊት ተወዛወዘና፣ ማንም ሳይነካው፣ ጧ! ብሎ ወረቀቱ ላይ ተለጠፈ።

መርፌ በጥብጣቧ ከድልድዩ ጋር እንደታሰረች፣ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ማግኔቱን አላቀቀችው፤ ለቀቀችው፤ ተመልሶ ተለጠፈ። ከዚያ ቀና ብላ ወደ እኛ ዞረች። ጆሮዬ ማንም ሳይነካው ከወዲሁ መጋል ጀመረ።

«ማነው የሠራው?»

ቀጭኔ ተነሳች። እሷ ከተነሳች ማን ይቀመጣል? እኔም ተነሳሁ።

«ለምን እዚህ ጋ አደረጋችሁት? መሃሉ ላይ ለምን አላደረጋችሁትም?»

«እርስዎ በግራ ነው የሚሰበረው ሲሉ ሰማሁ» አልኩ። «በመስኮት። ወረቀቱ እዚያ ጋ ስስ ነው ብለዋል።»

«እና?»

«እና እንዳይሰበር ስሱን አጠነከርነው።»

ነፍስ ያጠፋ ሰው ሲናዘዝ እንደዚያ ነው የሚናገረው። መርፌ ግን ፊቷ ላይ አንድ ነገር መጣ፤ ያኔ ንዴት ነው ብዬ ነበር። ክሩን ፈታችው። መጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

«አሁንስ የት ጋ ነው የሚሰበረው?»

ክፍሉ በሙሉ «አይሰበርም» ሊል ትንፋሹን ሳበ። መርፌ ሳትዞር አንድ ጣቷን ወደ ላይ አነሳች፤ ትንፋሹ በአየር ላይ ቀረ።

ባለ ክራቫቱ ያየኛል። ነጎድጓድ ያየኛል። እኔ ያለኝ እውቀት አንድ ነው፤ ጣቴ የዳሰሰው ቦታ። «ሽቦው እዚህ ጋ ያልቃል» አልኩና ክሩን አሰርኩ። ቋጠሮው እንኳ የስፌት ቋጠሮ ነበር፤ እሷው ናት ያስተማረችኝ።

ባልዲው ሞልቷልና ድንጋይ መጣ። መጀመሪያ የበር መደገፊያው፣ ቀጥሎ ከግቢ የተለቀመ። ድልድዩ አቃሰተ እንጂ አልሄደም። በመጨረሻ ነጎድጓድ እጅጌውን ሰብስቦ ሁለት እጆቹን ድንጋዩ ላይ ጫነ። የአንገቱ ሥር ተገታተረ። ጠጭ! ድልድዩ ልክ ክሩ ላይ ለሁለት ተገነጠለ፣ ባልዲው ወለሉን መታ፣ አሸዋው የባለ ክራቫቱን የሚያበራ ጫማ ቀበረው።

መርፌ ዘላ አጨበጨበች። «በለው!» አለች። በመስኮት የሰማኋት ራሷ «በለው» ናት፤ ቅንጣት ክፋት የለባትም። ያኔ ግራ ገባኝ። ጠላቴ ስላሸነፍኳት ደስ አላት ብዬ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ክፍሉን አልወሰዱባትም፣ ሌላ መምህርም አልመጣም። የስፌት መኪናዎቹ በአንዱ ግድግዳ፣ አሸዋና ባልዲው በሌላው ሆነው ጡረታ እስክትወጣ ድረስ እዚያው ኖረች። ስለ ሽቦው ማንም ጆሮዬን አልጠመዘዘኝም። እስከ ዛሬ ድረስ ነጎድጓድን ካየሁ ጆሮዬን እሸፍናለሁ። ጭነት ይዤ ድልድይ ላይ ስወጣ ደግሞ ዝግ ብዬ ግራ ቀኙን ስለማይ ረዳቴ «ምን ትፈልጋለህ?» ይለኛል። ክሩ የት ጋ ቢታሰር ይሻላል እያልኩ ነው። ስለ ቀጭኔ አትጠይቁኝ፤ እሷ ራሷ ድልድይ ትሠራለች ብል ማንም አያምነኝም፣ ስለዚህ አልልም።

እሺ። አንድ ነገር ቀንሻለሁ።

ድልድዩ ክሩ ላይ አልተሰበረም። ከክሩ አንድ ስንዝር ፈቀቅ ብሎ ነው የሄደው። መርፌ መጀመሪያ ዘላ አጨበጨበች፤ ከዚያ ጎንበስ አለችና ከስብራቱ እስከ ክሩ በስንዝሯ ለክታ፣ ነጎድጓድ ዓይኑን እያፈጠጠባት፣ ለእንግዶቹ «ስቷል» አለቻቸው። ባለ ክራቫቱ ጫማውን እያራገፈ «ለምን ሳተ?» አለ። ያኔ ነው ክፍሉ የተነሳው። አንዱ ኮላው ነው ይላል፣ አንዱ ሽቦው ጎብጧል ይላል፣ ቀጭኔ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ሁላችሁም ተሳስታችኋል ትላለች። ደወል ተደውሎ የሰማ የለም። እንግዶቹ ሲወጡ እንኳ ቀና ብሎ ያያቸው አልነበረም፤ ባለ ክራቫቱ ግን በሩ ላይ ቆሞ ሲያየን ቆየ፤ ክፍሏን ያተረፈላት ያ ጭቅጭቅ ነው አሉ።

ያቺን ስንዝር የቀነስኳት እኔ ነኝ፣ ታሪኩ እንዲያምር። መርፌ ጋቢና ተቀምጣ ሳወራላት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ወጋ አደረገችኝ።

«ስንዝሯን መልሳት» አለችኝ።

ይኸው፣ መለስኳት።